የሞረዱን ዋጋ ማን ይክፈል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ነጋዴው ወሬ ሁሉ ዶላር ሆኗል። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ፣ ከውጭ የሚገባው የሞተር ብስክሌት መርገጫ፣ የመስታወት ማሰሪያና የዕቃ መጫኛም አብሮት መውጣቱን ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለዚህ ዶላሩን እዚህ ላይ እንተወውና ዶላሩ ስላስነሳው ሌላ ገበያ እንነጋገር።

እንደሚታወቀው የውጭው ዕቃ ሲወደድ ነጋዴ ፊቱን ወደ አገር ውስጥ ያዞራል። አሮጌ አሉሚኒየም ይሰበሰባል፣ ይቀልጣል፣ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል። ወፍራም ላሜራም ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ ይበየዳል። ከዚህ የሚወጣው ግን ገና ሻካራ ቁራጭ ነው። ሻካራው በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ወደ መኖሪያ ሠፈር ይገባል። በቂርቆስ፣ በመሿለኪያ፣ በካዛንቺስ ነባር ጊቢዎች በደጃፉ ላይ ሞርሳ ያሰረ ሰው ማየት ለሠፈሩ ልጅ ብርቅ አልነበረም። ያ ሰው ይሞርደዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ቀዳዳውን በልኩ ያስፋዋል። ከረጢቱ ወደ ሱቅ ሲመለስ በውስጡ ያለው «ዕቃ» ይባላል፤ ባንኮኒ ላይ ይደረደራል፣ ዋጋ ይወጣለታል።

ነጋዴው ሻካራውን በኪሎ ይገዛል፤ የተጠናቀቀውን በፍሬ ይሸጣል። በኪሎና በፍሬ መካከል ያለው ልዩነት በአመዛኙ የሞራጁ ሥራ ነው። ይሁንና በነጋዴው የሒሳብ መዝገብ ላይ ብረቱ አለ፣ ማጓጓዣው አለ፣ የሱቁ ኪራይ አለ፤ የሞራጁ ክፍያ ግን ብዙውን ጊዜ «ልዩ ልዩ» በሚለው ውስጥ ይቀበራል። ለመሆኑ ዕቃውን ዕቃ ያደረገው ሥራ እንዴት ልዩ ልዩ ወጪ ይሆናል?

ሥራውን በቅርብ ላላየ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ከአሸዋ ቅርጽ የወጣ መርገጫ ገላው እንደ ምጣድ ጀርባ ሻካራ ነው። የቀለጠው ብረት የገባበት ጉሮሮ እንደ ጉቶ ሆኖ ይቀርበታል። ሁለቱ የቅርጹ ግማሾች በተገናኙበት መስመር ላይ ደግሞ ቀጭን ክንፍ ይወጣበታል። ጉቶው በመጋዝ ይቆረጣል፤ ክንፉ በሻካራ ሞረድ ይወርዳል። ሞረድ የሚበላው ወደ ፊት ሲገፋ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ሲመልስም ጫን ብሎ የሚጎትት ሰው የሞረዱን ጥርስ በከንቱ ያደነዝዛል፤ ጀማሪ ከነባር የሚለየውም በዚህ ነው። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ በጥርሱ መካከል እየገባ ሞረዱን ይደፍነዋል። ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ ሞረዱን ጠመኔ ያሻሸዋል፣ በየመሃሉም በሽቦ ብሩሽ ይጠርገዋል። ከሻካራው ሞረድ ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ለስላሳው ይሻገራል።

ከዚያ የብርጭቆ ወረቀቱ ተራ ይደርሳል። በ120 ቁጥር ተጀምሮ ወደ 240 እና ወደ 400 ይኬዳል፤ ገዢው አንጸባራቂ ከፈለገ 600 ድረስ ይዘለቃል፣ ያውም በውኃ እየተነከረ። የቀደመው ወረቀት የተወው ጭረት ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው ቁጥር አይታለፍም። ቁጥር የዘለለ ሰው ዕቃው በቤት ጥላ ሥር ሲያዩት ያምርለታል። ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን የመጀመሪያው ጭረት ከሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሱቃቸው ጨለማ የሆነ ነጋዴዎች ይህን ልብ ቢሉ ይጠቅማቸዋል፤ ዕቃ ሲረከቡ ወደ ደጅ ወጣ ይበሉ።

ነገሩ ሁሉ የማማር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩበት። በተደጋጋሚ ጫና የሚሰበር ብረት ስንጥቁን የሚጀምረው ከስለታም ጠርዝ፣ ከውስጥ ማዕዘንና ከጥልቅ ጭረት ነው። መርገጫው ከማሰሪያው ጋር የሚገናኝበት የውስጥ ማዕዘን በክብ ሞረድ ለስለስ ብሎ ካልተጠጋጋ፣ የሰውዬው ክብደትና የመንገዱ ንዝረት በየቀኑ እዚያችው ቦታ ላይ ይሠራሉ። ቀዳዳው ቡሎኑን በልኩ ካልያዘ መርገጫው ይወዛወዛል፤ የሚወዛወዝ ዕቃ ቡሎኑንም ራሱንም ይበላል። ስለዚህ ጥሩ ሞራጅ በእጁ ዳሰሳ ብቻ አይተማመንም፤ ካሊፐር አለው፣ ወይም ቢያንስ ትክክለኛውን ቡሎን ከሞርሳው አጠገብ አስቀምጦ በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ ይሞክራል።

በነገራችን ላይ የዚህ ሙያ ቋንቋ ራሱ ታሪክ ነው። ሞርሳ፣ ቶርኖ፣ ላሜራ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የካዛንቺስ ስምም እንደዚያው በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም አህጽሮተ ስም የወጣ ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲሸነፍ ቃሉም ሙያውም እዚሁ ቀረ። በ1930ዎቹ የተቋቋመው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ደግሞ የብረት ሥራን በክፍል ውስጥ የሚያስተምር ሆነ። እኛ ግን ዛሬም ልጃችን ሞራጅ ልሁን ቢለን ደስ የማይለን ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ ካወጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ በክፍያው ውስጥ ተደብቆ ቆይቷል።

ወደ ክፍያው እንመለስ። ለምሳሌ ያህል አንድ የመስታወት ማሰሪያ በአግባቡ ለማጠናቀቅ አንድ ሰዓት ይፈጃል እንበል። ነጋዴው ተከራክሮ ተከራክሮ ሞራጁ በግማሽ ሰዓት ካልጨረሰው በስተቀር ኪሳራ ላይ በሚጥለው ዋጋ ያስማማዋል። ሞራጁ ምን ያደርጋል? ልጆች አሉት፤ እምቢ አይልም። ሥራውን ይቀንሳል። የትኛውን ይቀንሳል? ገዢው የሚያየውን ፊት አይቀንስም፤ እሱን ያብለጨልጨዋል። የሚቀንሰው የማይታየውን ነው፤ የውስጥ ማዕዘኑን፣ የቀዳዳውን ልክ፣ ከጀርባ ያለውን ክንፍ። ነጋዴው በዋጋ ክርክር ያተረፈ ይመስለዋል። ያተረፈው ግን ከማይታየው በኩል የጎደለ ዕቃ ነው። ከዚህ የባሰም አለ። በፈሰሰው አሉሚኒየም ውስጥ የአየር ቀዳዳ ሲገኝ ዕቃው ተመልሶ መቅለጥ ሲገባው፣ በስቱኮ ተደፍኖና ቀለም ተቀብቶ ሲያልፍ የሚታየው አንድም ሰው ስለ መጣል ስለማይከፍል ነው። ለሚጣለው የማይከፍል ነጋዴ የሚጣለውን ይገዛል።

እዚህ ላይ አቋሜን ግልጽ ላድርግ። የሞተር ብስክሌት ዕቃ ሁሉ በቤት ውስጥ ይሠራ የሚል ሰው ካለ አልስማማም። የፍሬን እጀታና ፔዳል፣ የጎማ መሽከርከሪያ ዘንግ፣ የመሪው ተሸካሚ ክፍሎች ከአሮጌ አሉሚኒየም ቀልጠው በሞረድ ተስተካክለው ገበያ መውጣት የለባቸውም። የቀለጠው አሉሚኒየም ከምን እንደመጣ አይታወቅም፤ ከድስት ይሁን ከሞተር ክዳን፣ ጥንካሬው እንደ ምንጩ ይለያያል፣ ሞረድም ይህን አይለውጠውም። የፍሪሲዮን እጀታ ቢሰበር ሰውዬው መንገድ ዳር ይቆማል፤ የፍሬን እጀታ ቢሰበር ግን አይቆምም። የውጭውስ አይሰበርም ወይ የሚል ነጋዴ ይኖራል። አስመሳዩ ይሰበራል፤ ይህ ግን የእኛን ለማስገባት ምክንያት አይሆንም።

ለእጅ ሙያው የሚስማማው ሌላው ሰፊ ክፍል ነው። የዕቃ መጫኛው፣ የመስታወት ማሰሪያው፣ የሰሌዳ መያዣው፣ የሰንሰለት መከለያው፣ የማርሚታ መሸፈኛው፣ የማቆሚያ እግሩ፣ የሣጥን ማሰሪያው። መርገጫው ከሁለቱ መካከል ነው፤ ከታወቀ የብረት ዘንግ ከተሠራና በክብደት ከተፈተነ ይሁን፣ ካልሆነ ይቅር።

ይህ ሁለተኛው ክፍል ገበያ አለው ወይ? የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ብስክሌት በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀስ ሲከለክል፣ ብዙ የመለዋወጫ ሱቆች ገበያው አለቀ ብለው ነበር። አላለቀም። በፈቃድ የቀሩትና ከዚያ በኋላ የመጡት የሥራ ሞተሮች ናቸው፤ መልእክትና ሸቀጥ ሲያመላልሱ ይውላሉ። ቅዳሜና እሑድ ለሽርሽር የሚወጣ ሞተር የዕቃ መጫኛው ዓመታት ይቆያል። ቀኑን ሙሉ ሣጥን ተሸክሞ በየኮብልስቶኑ የሚንገጫገጨው ግን ማሰሪያውን ቶሎ ይሰብራል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ ነገር ተጠናክሯል፤ እንደ ዶዳይ ያሉ ኩባንያዎችም የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ይዘው ወደ ከተማው ገበያ ገብተዋል። የኤሌክትሪኩ ሞተር ካንዴላ አይፈልግም፣ ካርቡሬተር አይፈልግም፣ ማርሚታም የለውም። በእነዚህ ላይ ገንዘቡን ያከማቸ ነጋዴ ከአሁኑ ቢያስብበት መልካም ነው። መስታወት፣ ሰሌዳ፣ መጫኛና ማቆሚያ እግር ግን ለኤሌክትሪኩም ያስፈልጋሉ። የሞራጁ ሥራ ከሞተሩ ይልቅ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከብዙ የመለዋወጫ ንግዶች የተሻለ ዕድሜ አለው።

የሌላ አገር ተሞክሮ ለሚፈልግ ባለሀብት የፓኪስታኗ ሲያልኮት አለችለት። ይህች ከተማ በዓለም የታወቀችው በእግር ኳስና በቀዶ ሕክምና መሣሪያ ነው። መቀሱና መቆንጠጫው በፎርጂንግ ሻካራ ሆኖ ይወጣና መሞረዱ፣ መሳሉና ማንጸባረቁ በብዙ ትንንሽ ሥራ ቤቶች ተከፋፍሎ ይሠራል፤ ከዚያ ላኪው ሰብስቦ ይሸጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጥራት ጉድለት ምክንያት በዚህ ዕቃ ላይ እገዳ ጣለ። ላኪዎቹ ደነገጡ። ያደረጉት ግን ትንንሾቹን ሥራ ቤቶች ማባረር አልነበረም። በማኅበራቸው በኩል ተሰባስበው፣ የጥራት አሠራርን የሚያስተምር ባለሙያ አምጥተው፣ ቁጥጥሩን በሥራው ውስጥ አስገቡ፤ ንግዱም ተመለሰ። የሕክምና መሣሪያ በዚህ መንገድ ከተሠራ የሞተር ብስክሌት መስታወት ማሰሪያ ይከብደናል?

የሲያልኮት ላኪ ግን ሞራጁን የት እንደሚያገኘው ያውቃል። የእኛው ነጋዴ አሁን ያለበት ችግር ይኸው ነው። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የካዛንቺስ ነባር ቤቶች ለኮሪደር ልማት ፈርሰዋል፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ በአቃቂ ቃሊቲ ወደሚገኘው ገላን ጉራ ገብተዋል። ቤቱ ያረጀና የተጨናነቀ ነበር፣ መጸዳጃው የጋራ ነበር፤ ያንን ኑሮ የሚናፍቅ ሰው ቢኖር በዚያ ያልኖረ ነው። የንግድ ገጽ ጸሐፊ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው። ምትክ ሲሰጥ የሚቆጠረው መኝታ ክፍል ነው። ደጃፉ፣ ሞርሳው የታሰረበት ግንድ፣ ከጎረቤት ጋር በቃል የተደረሰው «እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሞርድ፣ ከዚያ በኋላ አቁም» የሚለው ስምምነት በየትኛውም ቅጽ ላይ አይሞላም። በፎቅ ቤት ውስጥ ሞርሳ አስሮ መሞረድ ደግሞ የማይታሰብ ነው፤ ድምፁ በግድግዳው ይሄዳል፣ ብናኙ በደረጃው ይወርዳል።

ደላላውም ተጎድቷል። ቀድሞ ከለገሃር በእግሩ ሄዶ የአምስት ሞራጆችን ሥራ በአንድ ከሰዓት ይሰበስብ የነበረ ሰው ዛሬ ታክሲ ለውጦ ሄዶ አንዱን ቢያገኝ ነው። የሞራጁ ሙያ በእጁ ላይ ነው፣ አይፈርስም። የፈረሰው አድራሻው ነው፤ በዚህ ንግድ ውስጥ አድራሻ ማለት ደግሞ ትዕዛዝ ማለት ነው።

በሕግ በኩልም ነገሩ እንግዳ አይደለም። እስከ 2013 ዓ.ም. የሠራው የ1952ቱ የንግድ ሕግ በገዛ እጁ ጉልበት የሚተዳደረውን የእጅ ሙያተኛ ከነጋዴ ለይቶ ያየው ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሞርሳና አራት ሞረድ ያለውን ሰው እንደ አስመጪ መቁጠር አይቻልም። በተግባር ግን ይህ ሰው በሁለቱ መካከል ወድቆ ቆይቷል። ለነጋዴ የሚሰጠው ብድር አይደርሰውም፤ ለጥቃቅንና አነስተኛ የተሠራው የማምረቻ ሼድም በማኅበር ተደራጅቶ ለመጣ ነው። ብቻውን ከሚስቱና ከልጁ ጋር የሚሠራ ሰው ማኅበር አይደለም። የካዛንቺስን ነዋሪ የተቀበሉት ሠፈሮች ከመኖሪያው ራቅ ብሎ፣ መብራት የገባለትና ጣሪያ ያለው አንድ የጋራ የሞርሳ ቦታ ቢኖራቸው፣ በሰዓት እየተከፈለ ሊሠራበት ይችላል። ይህን የወረዳ ጽሕፈት ቤት እስኪሠራው መጠበቅ የለብንም፤ ለባለሀብትም የሚሆን ሥራ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሥራው ከቤት ቢወጣ ለሞራጁ ቤተሰብም ይሻላል። የብረት ብናኝ ሕፃን በሚተኛበት ክፍል መነሳት የለበትም። አሉሚኒየም በተሞረደበት ጠረጴዛ ላይ ብረት በግራይንደር መቁረጥ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፤ የተከማቸ የአሉሚኒየም ዱቄት ፍንጣሪ ሲነካው ሊቀጣጠል ይችላል፣ ከዛገ ብረት ብናኝ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ እሳቱ በውኃ የሚጠፋ አይደለም። ክሮም መንከርን ከጨመርንበት ጭራሽ ለመኖሪያ ሠፈር አይታሰብም፤ የክሮም አሲድ መርዝ ነው።

እንግዲህ ነጋዴውና ደላላው ከነገ ጀምሮ ማድረግ የሚችሉት አለ፤ ገንዘቡም ከባድ አይደለም። ደላላው ለሞራጁ ሻካራውን ብቻ ይዞለት አይሂድ፤ የተጠናቀቀ አንድ ናሙና፣ ትክክለኛውን ቡሎንና ከላሜራ የተቆረጠ መለኪያ ቅርጽ አብሮ ይስጠው። የብርጭቆ ወረቀቱን ወጪ ነጋዴው ይሸፍን። ሞራጁ በራሱ ኪስ ሲገዛ ያለቀውን ወረቀት ይዞ ይሠራል፣ ጉዳቱም ወደ ዕቃው ይመለሳል። ክፍያው ሁለት ዓይነት ይሁን፤ ለተጠናቀቀው አንድ ዋጋ፣ ስንጥቅ ወይም የአየር ቀዳዳ አግኝቶ «ይህ አይሆንም» ብሎ ለመለሰው ደግሞ አነስ ያለ ዋጋ። መመለስ የሚያስከፍል ሳይሆን የሚያስገኝ ሲሆን ስቱኮው ይቀራል። ያለቀው ዕቃ በማይታየው ጀርባው ላይ የሞራጁን ቁጥር በጡጫ ይመታበት፤ የተሰበረው ሲመለስ ከማን እንደወጣ ይታወቃል፣ ያልተመለሰለትም ሰው በሚቀጥለው ዓመት ዋጋ የመጨመር መብት ይኖረዋል።

አንዳንድ ነጋዴ ይህን ሲሰማ ዋጋዬ ይወጣል ይላል። ይወጣል፤ በጥቂቱ። ዶላሩን ተከትሎ ከወጣው የውጭ ዕቃ ጋር ሲተያይ ግን ገና ብዙ ክፍተት አለው፤ ገዢውም በዓመት ሦስት ጊዜ ከሚተካው ርካሽ ማሰሪያ ይልቅ አንዴ ገዝቶ የሚረሳውን ይመርጣል፣ በተለይ በሞተሩ እንጀራ የሚበላ ከሆነ። ለመሞከር ትልቅ ትዕዛዝ አያስፈልግም። ሃምሳ ፍሬ የመስታወት ማሰሪያ ለሁለት ሞራጆች ተከፍሎ ይሰጥ። በሳምንቱ ሲመለስ ነጋዴው ከሃምሳው አሥሩን ራሱ ያንሳ፣ ወደ ደጅ ይዞ ይውጣ፣ ቀዳዳቸውን በካሊፐር ይለካ፣ የውስጥ ማዕዘናቸውን በጥፍሩ ይዳስስ።